ዳቦ በአንድ ከሰማንያ

ለእናት ዋጋ መቀነስን ለስንዱ ማንም አላስተማራትም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ሳይማር የሚያውቀው ነገር ነው። ለእናቱ የሁለት መቶ ብር ጫማ የገዛ ልጅ፣ "ስልሳ ብር ነው፤ ባለሱቁ ስለሚያውቀኝ ቀነሰልኝ" ይላል። እውነቱን ከተናገረማ ጫማው ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ይከርማል፣ እናትም ሳምንቱን ሙሉ ስትብሰለሰል ትሰነብታለች። ይህን ውሸት ነው የሚል ሰው ካለ፣ ለእናቱ ምንም ገዝቶ የማያውቅ ስስታም ነው።

የስንዱ ጥፋት ይህን አመል ሮም ድረስ ይዛው መምጣቷ ነው።

ቶር ፒኛታራ በሚባለው የሮም ሰፈር ውስጥ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሲኞራ ኤልቪራ የሚባሉ የሰማንያ ስምንት ዓመት አሮጊት ትጦር ነበር። የምትኖረውም እዚያው ከሳቸው ጋር ነው። ሲኞራ ኤልቪራ በፈረንጆቹ 2001 መጨረሻ ላይ ደረጃው ላይ ወድቀው ዳሌያቸውን ሰበሩ። እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ የጣሊያን ገንዘብ ሊሬ ቀርቶ ዩሮ መጣ። ከሆስፒታል በወንበር ተሸክመው አራተኛ ፎቅ ካወጧቸው በኋላ ደግሞ አንድም ቀን ወርደው አያውቁም። ዓይናቸው ስለደከመ ጋዜጣ አያነቡም፣ ቴሌቪዥን ጩኸት ነው ይላሉ። ከመንገዱ ጋር የሚያገናኛቸው ሰው ስንዱ ብቻ ነበረች።

በመጀመሪያው ሳምንት ስንዱ ዳቦ ገዝታ ስትገባ፣ "ስንት ገባ ኪሎው?" ብለው ጠየቋት።

"ሁለት ዩሮ ከሰማንያ፣ ሲኞራ።"

ፊታቸው ጠቆረ። "በሠላሳ ስምንት እኮ አንድ ከሰማንያ ነበር!" አሉና ዳቦውን ሳይነኩት ዋሉ። ስንዱ በማግስቱ ያንኑ ዳቦ፣ ከዚያው ዳቦ ቤት፣ በዚያው ዋጋ ገዝታ መጣችና ገና በሩን ሳትዘጋ፣ "ወረደ ሲኞራ! አንድ ከሰማንያ ሆነ" አለቻቸው። አሮጊቷ ሁለት ቁራሽ በቅቤ በሉ።

በቃ፣ ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ሲኞራ ኤልቪራ ሞኝ ስለሆኑ አልነበረም ያመኑት። በሠላሳ ስምንት፣ ማለትም በፈረንጆቹ 1938፣ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ሆነው ሲኒማ ቤት ትኬት ይቆርጡ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ግን የዳቦ ዋጋ በመቶ፣ ከዚያም በሺህ ሊሬ ሲቆጠር ኖረ። አሁን ስንዱ "አንድ ከሰማንያ" ስትላቸው የገባቸው አንድ ነገር ነው፦ መንግሥት በመጨረሻ ልብ ገዛ፣ ያንን ሁሉ ዜሮ ጠራርጎ ጣለ፣ ዋጋውን ሁሉ ወደ ቦታው መለሰ። ስሙን ዩሮ ቢሉት፣ ሌላም ቢሉት፣ እሳቸው ግድ አልነበራቸውም። እኔ በበኩሌ ብዙ የኢኮኖሚ ምሁር ከዚህ የባሰ ሲናገር ሰምቻለሁ።

ስንዱም ገባችበት። ከምሳ በኋላ አጠገባቸው ቁጭ ትልና፣ "ሲኞራ፣ በሠላሳ ስምንት ወተት ስንት ነበር?" ትላለች። "አንድ ከሃያ።" "አሁንም ያው ነው።" "ጋዜጣስ?" "ሠላሳ ሳንቲም።" "ምንም አልጨመረም።" ሲኒማ ታች ሁለት፣ ሰገነት ላይ ሦስት። ከዚያ ወሬው ወደ ፊልሞቹ ይሄዳል። በሁሉም ፊልም ላይ ሐር የለበሰች ሴት ነጭ ስልክ ይዛ ትስቅ ነበር ይላሉ፤ የሰፈሩ ሴት ልጅ ሁሉ ደግሞ ለራት ሾርባ እንኳ ሳይኖራት እንደዚያች ሴት ፀጉሯን ትጠቀልል ነበር። በቸኮላታ ካርቶን ውስጥ የሚገኝ የሥዕል ካርድም ነበር፤ ሙሉውን የሰበሰበ ይሸለማል። ሲኞራ ኤልቪራ አንዲት ካርድ ጎድላባቸው ከአንድ የትራም ነጂ ጋር ለካርዱ ሲሉ ብቻ ሦስት ወር ተጫጭተዋል። ካርዱን ሲያገኙ ተዉት።

ሦስት ዓመት እንዲህ በደስታ አለፈ። በፈረንጆቹ 2005 ግንቦት፣ አንድ እሑድ ልጃቸው ሬናቶ መጣ። ሬናቶ ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አንቱ ሊባል የሚገባው ሰው ነበር፣ ነገር ግን እናቱ "ሬናቲኖ" እያሉ ስለሚጠሩት እኔም አንቱታው አልመጣልኝም። ገበያ ወጥቶ የማያውቅ፣ የስንዱን ደረሰኝ ሳያነብ መሳቢያ ውስጥ የሚወረውር ሰው ነው። የዚያን ቀን የጋብቻው በዓል ነበርና ሲኞራ ኤልቪራ ቦርሳቸውን ከፍተው አሥር ዩሮ አወጡ።

"እንካ፣ ሚስትህን ሲኒማ ውሰዳት። ሰገነት ላይ ተቀመጡ፤ አትሰስት። ከዚያ ራት አብላት፣ በታክሲ መልሳት። የተረፈውን ለቤተ ክርስቲያን ስጥ።"

ሬናቶ አሥሯን ዩሮ አየ፣ እናቱን አየ። ከዚያ ኮሪደር ላይ ስንዱን ጠርቶ፣ "እናቴ አእምሮዋ ሄዷል። ሐሙስ የአረጋውያን ሐኪም ይዤ እመጣለሁ። ከመረመረቻት በኋላ ካዛ ዲ ሪፖዞ እናስገባታለን፣ ቤቱም ይሸጣል። አዝናለሁ ስንዱ" አላት።

ካዛ ዲ ሪፖዞ ሽማግሌዎች ግድግዳ እያዩ የሚውሉበት ቤት ነው። ስንዱ የሚከተለውን አሰላች። ሲኞራ ከሄዱ የሥራ ኮንትራቶ የለም፤ ኮንትራቶ ከሌለ በሰኔ የሚያልቀው የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ፔርሜሶዋ፣ አይታደስም። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው፦ አሮጊቷን አበዱ ያሰኘቻቸው ራሷ ናት፣ በገዛ አፏ።

ወዲያው ወርዳ ሰመረትን ፈለገቻት። ሰመረት አስመራ በአማርኛ የተማረች ኤርትራዊት ናት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጡረተኛ ኮሎኔል ትጦራለች።

"ለምን እውነቱን አትነግሪያቸውም?" አለች ሰመረት።

"ሦስት ዓመት ዋሸሁዎት ብዬ? ያባርሩኛል! ደግሞስ ይታመማሉ።"

"አሎራ፣ እንግዲያውስ አራት ቀን አለሽ። ቀስ እያልሽ ጨምሪባቸው።"

እንግዲህ የስድሳ ሰባት ዓመት የዋጋ ንረት በአራት ቀን ውስጥ ሊገባ ነው።

ሰኞ ስንዱ ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ "ትንሽ ጨመረ ሲኞራ። ሁለት ሆነ" አለች። ሲኞራ ኤልቪራ መነጽራቸውን አደረጉ። "ተመለሽና ዳቦ ሻጩን፣ አባትህን ታውቀዋለች በይው። አባቱ ሲኒማ ያለ ትኬት ሲገባ ሁለት ጊዜ ይዤዋለሁ።"

ማክሰኞ ሁለት ከአርባ ሆነ። ሲኞራ ለሚኒስትሩ ደብዳቤ አጻፉ። ስንዱ ጣሊያንኛ መጻፍ ስለማይሆንላት ሁለት ሰዓት ፈጀባት፤ "ሌባ" የሚለው ቃል ብቻ አምስት ቦታ ገብቷል።

ረቡዕ ሁለት ከሰማንያ ደረሰ። ሲኞራ አልጮኹም። "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ዳቦ አይበላም" አሉ ረጋ ብለው። "በሠላሳ አምስት ዓለም ማዕቀብ ጥሎብን ቡና ጠፍቶ፣ ገብስ ቆልተን ጠጥተናል። አልሞትንም።" ከዚያ ስንዱን ገልመጥ አድርገው፣ "ለነገሩ በእናንተ ምክንያት ነበር" አሉ።

"እኛም ኑ አላልናችሁም ነበር፣ ሲኞራ።"

"እሱስ እውነት ነው" አሉና ሻያቸውን ጠጡ። ጥቂት ቆይተው ግን ኩባያውን አስቀምጠው እጇን ያዙ። "ገባኝ እኮ። ዋጋው አልጨመረም። የውጭ አገር ሰው ስለሆንሽ ነው የሚያጭበረብሩሽ። ይህ ዳሌዬ ባይሆን ኖሮ ወርጄ አሳያቸው ነበር።"

ስንዱ ኩሽና ገብታ አለቀሰች። እሳቸውን ልታድን የጀመረችው ነገር አሮጊቷን ጠበቃዋ አድርጎ አረፈው።

ሐሙስ ጠዋት ሬናቶ ሐኪሟን ይዞ መጣ። ዶቶሬሳዋ ወጣት፣ አራት ፎቅ ወጥታ ትንፋሽ ያጠራት፣ ደግ ፊት ያላት ሴት ነች። ቀኑን ጠየቀቻቸው፤ ሲኞራ መለሱ። ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ እንዲቆጥሩ ጠየቀቻቸው፤ ትኬት ሲቆርጥ ለኖረ ሰው ይህ ምን አላት፣ ከሷ ፈጥነው ጨረሱ። ሬናቶ ትዕግሥቱ አለቀ።

"ስለ ዳቦ ጠይቂያት" አለ።

"ሲኞራ፣ አንድ ኪሎ ዳቦ ስንት ነው?"

"አንድ ከሰማንያ" አሉ ሲኞራ ኤልቪራ ቀና ብለው። "ከሰኞ ወዲህ ግን ይህቺን ልጅ ባዳ መሆኗን አይተው ሁለት ከሰማንያ እያስከፈሏት ነው። ዶቶሬሳ፣ ስትወርጂ አብረሻት ሂጂ። ነጭ ጋውን ሲያዩ ይፈራሉ።"

ሬናቶ "ሰማሽ?" በሚል ዓይን ሐኪሟን አየ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አነሳች። ስንዱ ያቺ እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ከመድረሷ በፊት አፏን ካልከፈተች ነገሩ እንዳበቃለት አወቀች፤ ከከፈተችም ያው ነው፣ ሲኞራ ዳግመኛ አያምኗትም። ሁለቱንም አሰበችና አሮጊቷ ካዛ ዲ ሪፖዞ ከሚገቡ እሷ ብትባረር መረጠች።

"እኔ ነኝ" አለች። "ዋጋውን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ። ዳቦ አንድ ከሰማንያ ሆኖ አያውቅም፣ ወተትም፣ ሲኒማም። እኛ አገር ለእናት እውነተኛ ዋጋ አይነገርም፤ እንዳይጨነቁ ይቀነሳል። እሳቸው ያመኑት እኔን ነው። ያበደ ሰው ካለ እኔ ነኝ፣ እኔን ጻፊኝ።"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ሲኞር ሬናቶ፣ እርስዎስ? ዳቦ ስንት ነው?"

ሬናቶ ጣሪያውን አየ። "የሚገዛው... ሚስቴ ናት። ሰባ ሳንቲም?"

"ዶቶሬሳ፣ እሱንም ጻፊው" አሉ ሲኞራ ኤልቪራ። "ለሁለታችን አንድ ክፍል ይበቃናል።"

ሐኪሟ ሳቋን ለመያዝ ብዙ ታገለች፣ አልቻለችም። ከዚያ ሰውየውን ለብቻው ኮሪደር ላይ ይዛው ወጥታ፣ እናቱ የተነገራቸውን ይዘው በትክክል የሚያስቡ ጤነኛ ሰው መሆናቸውን ነገረችው። አልፎ አልፎ ገበያ ቢወጣ ለራሱም ጤና ጥሩ እንደሆነ ጨመረችለት። ሬናቶ ኮፍያውን ረስቶ ወረደ።

ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ቀሩ። ሲኞራ ኤልቪራ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ስንዱ ቆማ ጠበቀች። ሻንጣዋ ከአልጋዋ ሥር ነው፣ ለማዘጋጀት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም እያለች ታስብ ነበር።

"ሦስት ዓመት" አሉ ሲኞራ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ቁጭ በይ። አሁን ሁሉንም ንገሪኝ። አንድ ሳንቲም እንዳታጎድዪ። ወተት?"

ስንዱ ነገረቻቸው። እንቁላል፣ ዘይት፣ የአውቶቡስ ትኬት፣ ጋዜጣ። እያንዳንዱ ዋጋ ሲጠራ አሮጊቷን እንደ መርፌ ይወጋቸው ነበር። ሲኒማ ሰባት ዩሮ ነው ስትላቸው ግን በሳቅ ፈነዱ፤ እንባቸውን በሻርፓቸው እየጠረጉ፣ "እኔን ትኬት ቆራጭ አድርገው ቢመልሱኝ ሕንፃውን እገዛው ነበር!" አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ። ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ የሆነ ነገር ማስላት ጀመረ።

"ያንቺ ደሞዝ ስምንት መቶ ሃምሳ ነው።"

"አዎ።"

"በሠላሳ ስምንት ይህ የባንክ ዳይሬክተር ደሞዝ ነው። እኔ... እኔ በመስኮት ለጎረቤት ሁሉ 'ሠራተኛዬን እንደ ዳይሬክተር እከፍላታለሁ' ስል ነበር የኖርኩት። ይህን ሁሉ እያገኘች የፀጉር ኮት አትገዛም፣ ቆንቋና ናት ብዬ አምቼሻለሁ።"

ስንዱ ሳቀች። ሲኞራ አልሳቁም።

"ለእናትሽ ትልኪያለሽ?"

"ግማሹን።"

"የቀረው ይበቃሻል?"

ስንዱ የስልክ ካርዱን፣ የፔርሜሶውን ጠበቃ፣ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ያስገባባትን ጫማ አሰበች። የአሮጊቷን ፊት አየች፤ በአንድ ጠዋት ስድሳ ሰባት ዓመት የወረደበት ፊት ነበር።

"ይበቃኛል ሲኞራ" አለች። "እንዲያውም ይተርፈኛል።"

ሲኞራ ኤልቪራ መነጽራቸውን አወለቁና ዓይን ዓይኗን አዩዋት።

"ስንት ቀነስሽልኝ?" አሉ።