ሱቅ ደርሼ መጣሁ

በዚያ ጁምዓ ሙጂብን ካልተጣላሁት ጨጓራዬ ሊፈነዳ ነበር። ሙጂብ ባሌ ነው። ከበርበራ ወደብ ወደ ቶጎ ውጫሌ የጭነት መኪና ይነዳል፤ ጁምዓ ጁምዓ ብቻ እቤት ይውላል። በዚያች አንድ ቀን ነው እንግዲህ የስድስት ቀን ልፋቴን ገደል የሚከተው።

እኔ እዚህ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ልጅ የማሳድገው በሥርዓት ነው። ዊዳድ አራት ዓመቷ ነው። ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ቁርሷን በልታ፣ ቁርአን ቤት። እኔ ኸድራ የሴቶች ፀጉር ቤት፣ ሥራዬ ላይ። ከሰዓት ገላ፣ ከመግሪብ በኋላ እራት፣ ዱዓ፣ እንቅልፍ። በቃ። እሱ ሲመጣ ግን ከረሜላ ነው፣ ትከሻ ላይ መንጠልጠል ነው፣ "ተያት፣ አንድ ቀን እኮ ነው" ነው። ይሁን፣ ይሄንንስ ችዬው ነበር።

ከረመዳን ወዲህ ግን ልጄ ሌላ ሰው ሆነችብኝ። ሽንት ቤት ስገባ በሩ ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። ቀሚሴን ካልያዘች አትተኛም። ይባስ ብላ ከቁርአን ቤት መጥፋት ጀመረች። ሁለቴ ትልልቆቹ ተማሪዎች ከመንገድ መለሷት። የቁርአን አስተማሪዋ መዓሊሙ፣ "እህቴ፣ መንገዱ ባጃጅ ይርመሰመስበታል። ብትገጭ ማን ይጠየቃል? አሁንም ከጠፋች አልቀበላትም" አሉኝ። እሳቸው ካልተቀበሏት ማን ይይዝልኛል? እናቴ ድሬዳዋ፣ እህቴ ጂዳ። ሥራዬን መተዌ ነው።

ሐሙስ ዕለት ጠፋች። ከቁርአን ቤቱ ሲደወልልኝ የደንበኛ ፀጉር እያጠብኩ ነበር፤ ሴትዮዋን ከነአረፋዋ ጥያት ወጣሁ። ያ አላህ፣ ያን መንገድ እንዴት እንደሮጥኩት! ሰፈራችን ካለው ሱቅ ደጃፍ፣ የስኳር ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ቂጧን አጮልኩት። አላለቀሰችም፤ ይሄ የባሰ አበሸቀኝ።

"ኧረ አትምቻት!" አለች ባለሱቋ ዛምዛም። የሐረር ልጅ ናት። "ዘይት ልትገዢ ይዘሻት ስትመጪ ሁሌ ጠጋ ብላ፣ 'አባ ገዝቶ አልጨረሰም?' ትለኛለች። የልጅ ጨዋታ መስሎኝ ስስቅ ነበር። ዛሬ ግን ጓዳውን ካላየሁ አለች፤ ከፍቼ አሳየኋት።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ደሜ ፈላ። ሙጂብ ሲሄድ እንዳታለቅስበት ሁልጊዜ፣ "ሱቅ ደርሼ መጣሁ" ብሏት ነው የሚወጣው። ልጄ ከዚያ ሱቅ እስኪወጣ እየጠበቀችው ነበር።

ጁምዓ ከረሜላውን ይዞ ሲገባ ተጣላሁት። እስኪወጣልኝ።

"የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ" ብሎ ሊስቅ ሞከረ።

"ብስሉ ይሄ ነው!" አልኩት። "ልጅህን ባጃጅ ሳይበላት እውነቱን ነግረሃት ትሄዳለህ።"

"ታለቅሳለች እኮ ፈዲላ።"

"ታልቅስ! አይተሃት ሂድ። አንተ ለቅሶዋን ፈርተህ ስትሸሽ እኔ ስድስት ቀን ልቃጠል?"

ሊሄድ ሲል ፊቷ ተንበረከከ። "ዊዱዬ፣ ሱቅ አይደለም። በርበራ ነው የምሄደው። ሰባት ጊዜ ተኝተሽ ስትነሺ እመጣለሁ።" ጮኸች፣ ነከሰችው፣ በሩ ላይ ተንከባለለች። የእሱም ዓይን ቀላ። ሄደ። ወላሂ ረክቻለሁ። ውሸታም! አሁን ቅመሳት፣ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መዓሊሙን ለምኜ አስመለስኳት። "የመጨረሻ ነው" አሉኝ። ቁርአን ቤቱ በር ላይ ቀሚሴን ጨብጣ ቀና አለች።

"እማ፣ ሽንት ቤት ነው የምትሄጂው?"

ክው አልኩ። በየጠዋቱ እዚያ በር ላይ፣ ሥራ ሲረፍድብኝ፣ "ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ" ብያት እግሬ አውጪኝ የምለው እኔ ነኝ። ለካ እቤት ሽንት ቤቱ በር ሥር ተቀምጣ የምታለቅሰው ወድዳ አይደለም። አስተግፊሩላህ፣ አፌ አሁንም "አዎ" ሊል ተከፍቶ ነበር።

ተንበረከክሁ። "አይደለም ዊዱ። ፀጉር ቤት ነው የምሄደው። ከዙህር ሶላት በኋላ መጥቼ እወስድሻለሁ።"

ጮኸች። እኔንም ነከሰችኝ። የእጄን ነው ያገኘሁት።