ቀትር ላይ የሚጠፉት ኢሜይሎች

ይትባረክ እባላለሁ። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የትራንዚት ቢሮ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራችን ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣ ዕቃን ወረቀቱን አሟልቶ ለባለቤቱ ማድረስ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ሰነድ ከእጄ ጠፍቶ አያውቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራ ነው። ያዋረደኝም ይኸው ጉራዬ ስለሆነ ከእሱ ብጀምር ይሻላል።

ቢሮው የሐጂ ዐብዱልዓዚዝ ነው። ያለን አንድ ኢሜይል ብቻ ነው፤ ሁላችንም በእሱ እንገባለን፤ የይለፍ ቃሉ በሐጂ እጅ ተጽፎ ከኮምፒውተሩ ጎን ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የሚገባውን መልእክት የምትከታተለው ኑርሀን ነበረች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ በየቀኑ ከከተማው ውጭ ካለችው ከሐርላ በሚኒባስ ነው የምትመጣው። ኢሜይሉን ታነባለች፣ አትማ ታወጣለች፣ ከዚያ በየደንበኛው ስም ወደከፈተችው ማህደር ታዛውረዋለች። ማታ ስትወጣ ገቢ ሳጥኑ ባዶ ነው። እንዲህ ያለ ሥርዓት ደስ ይለኛል፤ ለእሷ ግን አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም።

የአገራችን ሙቀት የታወቀ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ቢሮ ይዘጋል፣ ዘጠኝ ሰዓት ይከፈታል፤ በመሃል ሰው ቤቱ ገብቶ ምሳውን በልቶ ጋደም ይላል። ሐርላ ደርሶ መመለስ ስለማይሆንላት ኑርሀን ብቻዋን ቢሮ ትቀራለች፤ ትሰግዳለች፣ ከቤት ቋጥራ ያመጣችውን ትበላለች። የጅቡቲ ወኪሎቻችን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ስለማይሠሩ የቀኑን መልእክት ሁሉ ቢሯቸውን ሊዘጉ ሲሉ፣ ልክ እኛ ጋደም ባልንበት ሰዓት፣ ያዥጎደጉዱታል።

በጥር መጨረሻ የሐጂ የእህት ልጅ ዳሂር የቢሮውን ኢሜይል ስልኩ ላይ ከፍቶ ሲያነብ አየሁት። ዳሂር ከባድ መኪኖቹን ተከትሎ ወደ ጅቡቲ ድንበር በሚወስደው ጋላፊ መንገድ ላይ የሚውል ሰው ስለሆነ ያስፈልገዋል።

«ጋሽ ይትባረክ፣ አምጣ ላንተም ላስገባልህ፤ ሁለት ደቂቃ ነው አቦ» አለኝ።

«ራሴ አውቅበታለሁ» አልኩት። አላውቅበትም ነበር። ደግሞም ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሩ ፊት ለፊቴ ተገትሮ ስልክ ላይ ኢሜይል ለምኔ ነው? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

የዚያን ዕለት ቀትር ላይ ቤቴ ገብቼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ከስልኩ ጋር ትግል ገጠምኩ። አድራሻውንና የይለፍ ቃሉን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ከዚያ ኢሜይሉን በየትኛው መንገድ ልቀበል፣ በአይማፕ ወይስ በፖፕ ብሎ አስመረጠኝ። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት በወሰድኩት ሥልጠና ፖፕ የሚለውን ስም ሰምቼው ስለነበር እሱን ነካሁ። ቀጥሎ፣ መልእክቱ ወደ ስልክህ ከገባ በኋላ ዋናው ሳጥን ውስጥ ይቆይ ወይስ ይነሣ ሲል ጠየቀኝ። አባቴ ባቡር ጣቢያ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር። የተቀበሉት መልእክት መዝገብ ላይ ይሰረዛል፣ ወረቀቱም ከትሪው ይነሣል፤ ትሪው ላይ የከረመ ወረቀት ካየ ሰው አያናግርም ነበር። እኔም ልጁ ነኝና «ይነሣ» አልኩ። ዋናው ሳጥን ማለት ኑርሀን ኮምፒውተሩ ላይ የምታየው ያው ሳጥን መሆኑ አልታየኝም። እሷም የራሷ፣ እኔም የራሴ ያለን መስሎኝ ነበር።

በነጋታው ቢሮ ስንዘጋ ስልኬን ለኑርሀን አሳየኋት። «ይኸው፣ ቢሮው ኪሴ ውስጥ ገባ» አልኳት። «ማሻአላህ ጋሽ ይትባረክ» አለች ፈገግ ብላ። ከእሷ በቀር ለማንም አላሳየሁም፤ ዳሂር አይቶ ስህተት ቢያወጣብኝስ ብዬ ፈርቼ ነው። ከዚያም ስልኩ ቀትር ላይ ድምፅ እያሰማ እንቅልፍ ሲነሳኝ ጊዜ ድምፁን ዘጋሁት፤ ፕሮግራሙንም ዳግመኛ አልከፈትኩትም።

ስለ ስልኬ አንድ ነገር ልጨምር። ውጭ ስሆን ዳታ አልከፍትም፤ ገንዘብ ማቃጠል ነው። ማታ ደግሞ ሐጂ መደወል ስለሚወዱ ከቢሮ እንደወጣሁ አጠፋዋለሁ፤ ጠዋት ቢሮ ስደርስ እከፍተዋለሁ። ስለዚህ ስልኬ ኢንተርኔት የሚያገኘው በቀን አንድ ጊዜ፣ ቀትር ላይ፣ ቤቴ ዋይፋይ ስር ስተኛ ብቻ ነው።

የካቲት ላይ ኢሜይል መጥፋት ጀመረ። ከጅቡቲ ይደውሉና «ልከናል» ይላሉ፤ እኛ ጋ የለም። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ላለ አንድ ልብስ ፋብሪካ የመጣ ክር የመድረሻ ማስታወቂያው ስላልተገኘ ወደቡ ላይ አሥራ አንድ ቀን ተቀመጠ። የፋብሪካው ሰው ቢሯችን ድረስ መጥቶ ሐጂን በሠራተኛ ፊት ጮኸባቸው። ሐጂ እንዲህ ሲሆኑ አይቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ ነው እኔ መርማሪ የሆንኩት። ማስታወሻ ደብተር ገዝቼ በየቀኑ መዘገብኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ሳጥኑ ውስጥ ሦስት፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባዶ። ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባዶ። ሦስት ሳምንት መዝግቤ ለሐጂ አቀረብኩ።

«የሚጠፋው ቀትር ላይ ብቻ ነው፤ ቀትር ላይ ቢሮ የሚቀረው ማነው?» አልኳቸው።

ሐጂ ደብተሩን ሁለት ጊዜ አገላበጡት። «የአጎቷ ልጅ መሃድ እዚያኛው ትራንዚት ቤት አይደል የሚሠራው?» አሉ ቀስ ብለው። ይህን እኔ አላልኩም። ግን «ነው» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ረቡዕ ዕለት ሐጂ ኑርሀንን ጠርተው እስከ ቅዳሜ ቤቷ እንድትቆይ፣ ቅዳሜ ከአጎቷ ጋር እንድትመጣ ነገሯት። ሐርላ ትንሽ አገር ናት፤ ለተፎካካሪ ሥራ እየሸጠች ተባረረች የተባለች ልጅ ስሟን ከየት ታመጣዋለች? ኑርሀን አልተከራከረችም። ቦርሳዋን ስታነሣ ብቻ ዞራ አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ጥፋተኛ ሰው እንዲህ ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

ሐሙስ ቀትር ላይ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ከዚራ ሰፈር ቤቴ ገባሁና ከምሳ በኋላ ጋደም አልኩ። ባለቤቴ አስካለማርያም የእህቷን ልጅ የሠርግ ፎቶ ልትልክልኝ ብትሞክር ስልኬ ሞልቷል ብሎ እምቢ አለ። የሚሰረዝ ፍለጋ ስጎረጉር የኢሜይሉን ፕሮግራም ከፈትኩት። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ያልተነበበ መልእክት። ከላይ ያሉትን ሦስት ርዕሶች አየሁ፤ አንዱ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ኮምፒውተሩ ላይ በዓይኔ ያየሁት ነበር። ዝርዝሩን በጣቴ አንዴ ወደ ታች ብወረውረው፣ ከስር የክሩ የመድረሻ ማስታወቂያ ተኝቷል።

ከዚያ በላይ ለማየት አቅም አጣሁ። ስልኩን በደረቴ ደፍቼ ጣሪያውን እያየሁ ቀረሁ። አፈርኩ። ሚስቴን እንኳ ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

«አሞሃል እንዴ ይትባረክ?» አለችኝ።

«ሙቀቱ ነው» አልኳት።

ሰው ሲያፍር እውነቱን ይናገራል የሚል ካለ እኔን አላየም። ወደ ቢሮ ስመለስ ድልድዩ ላይ ቆሜ አንድ ብልሃት አሰብኩ። ኑርሀን የለችም፤ ኢሜይሉ ግን ዛሬም ጠፍቷል። እንግዲያው ይህን ብቻ ብናገር እሷም ነጻ ትወጣለች፣ የእኔም ጉድ ተሸፍኖ ይቀራል። ቢሮ ስገባ «ሐጂ፣ ዛሬም ጠፍቷል! ልጅቷን በከንቱ ነው የጠረጠርናት» አልኩ። ጠረጠርናት ስል አላፈርኩም።

ሐጂ ዳሂርን ደውለው ጠየቁት። ዳሂር በድምፅ ማጉያው «የይለፍ ቃሉ ያለው ሰው ከየትም ሆኖ ይገባል አቦ፤ በስልክም ቢሆን» አለ። የሐጂ ፊት ጠቆረ። «ቤቷ ተቀምጣም አልተወችንም ማለት ነው» አሉ። ማታውኑ ዳሂር የይለፍ ቃሉን ቀየረው። ዓርብ ምንም አልጠፋም። «አየህ?» አሉኝ ሐጂ። «በሩ ሲዘጋባት ቆመ።»

አየሁ። አፌን ከፍቼ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሐሙስ አልተናገርኩም፣ ዓርብም አልተናገርኩም። ሃያ ሁለት ዓመት ያካበትኩት ስም በአንዲት ልጅ ስም እየተገዛ እንደሆነ እያወቅሁ ሻዬን ጠጣሁ።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ኑርሀን ከአጎቷ ከኢስሃቅ ጋር መጣች። ዳሂርም ከመንገድ ገብቶ ነበር። ኢስሃቅ ሽርጣቸውን ሰብስበው በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ሐጂ ለስለስ ብለው ጀመሩ። «ልጄ ነሽ፤ ጥፋቱ ካለ ንገሪን፣ እንሸፍነዋለን። ወላሂ ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

«የሚሸፈን ነገር የለኝም ሐጂ» አለች።

«ልጃችን ትማላለች» አሉ ኢስሃቅ። «ሶዳ ሂን ቀብኑ፤ የምንፈራው የለም። እኛ ቤት ግን በከንቱ አይማልም። እሷ ከማለች የጠረጠራት ሰውም አላህ ፊት ይጠየቅበታል። መጀመሪያ ያ ሰው ይናገር።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ይትባረክ፣ ደብተርህን አንብብላቸው።»

ደብተሩን ገለጥኩ። «የካቲት አሥራ ሁለት፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሦስት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ...» ብዬ ቆምኩ። ኑርሀን ልክ እንደ ረቡዕ እያየችኝ ነበር። ደብተሩን አጠፍኩና ስልኬን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«እኔ ጋ ናቸው» አልኩ። «ሁሉም። ስልኬ ነው እየጎተተ ሲወስዳቸው የነበረው። እሷ አልነካችም።»

ዳሂር ስልኩን አንሥቶ አየና «ያ ረቢ» አለ በሹክሹክታ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን መግፋት አቆሙ።

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አሉኝ።

«ትናንት ማታ» አልኩ። በዚያች ሰዓት እንኳ ዋሸሁ። ሁለት ቀን ዝም ያለ ሰው ከመባል አንድ ሌሊት ያደረ ሰው መባል የሚሻል መስሎኝ ነው።

ኑርሀን ለመጀመሪያ ጊዜ አነጋገረችኝ። «ትናንት ማታ ነው ጋሽ ይትባረክ? ታዲያ እኔ የጻፍኩልዎትስ?»

«ምን ጻፍሽልኝ?»

«መጋቢት ሁለት ቀን። ከራሴ አድራሻ ለቢሮው ሳጥን ላክሁት፤ ርዕሱ ላይ ለጋሽ ይትባረክ ብቻ ብያለሁ። ቀትር ነበር። ቁጭ ብዬ ሳየው ከሳጥኑ ጠፋ። መጥፋት የጀመረውም ስልክዎን ካሳዩኝ ወዲህ ስለሆነ፣ ያኔ እርስዎ ጋ መግባቱን እርግጠኛ ሆንኩ። አንብበውታል ብዬ ነው ስጠብቅ የቆየሁት። ረቡዕም ሐጂ ሲጠሩኝ፣ አሁን ጋሽ ይትባረክ ይናገራሉ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ለሐጂ አትነግሪም ነበር?» አላት ዳሂር።

«ትልቅ ሰው ናቸው» አለች።

አንብቤው አላውቅም ብዬ ማልኩ። አሁን በዋሸው አፌ እውነት ብናገር ማን ይስማኛል? ዳሂር ስክሪኑን በጣቱ ወደ ታች፣ ወደ ታች ገፋው፤ አገኘውና ስልኩን መለሰልኝ። ርዕሱ በደማቅ ጽሑፍ እንደተጻፈ ነበር፤ ያልተከፈተ መልእክት እንዲህ ነው የሚታየው። ለእኔ ይህ መጽናኛ አልሆነኝም።

«አንብበው» አሉ ሐጂ። «ጮክ ብለህ።»

መነጽሬን አደረግሁ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ አነበብኩ።

«ጋሽ ይትባረክ፣ እንደምን ዋሉ። ቀትር ላይ የሚጠፉት ኢሜይሎች ወደ እርስዎ ስልክ የሚገቡ ይመስለኛል። ስልኩ ሲከፈት ይነሣ የሚለው ተመርጦ ይሆናል፤ ማንንም ያጋጥማል፣ ያጎቴንም ልጅ አጋጥሞታል። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ትንሽ ቢቆዩልኝ ሁለታችን ብቻ ሆነን እናስተካክለዋለን። የጠፉትንም መልሰን ሳጥኑ ውስጥ እናስገባለን። ለሐጂ የኔትወርክ ችግር ነበር እንላቸዋለን።»

እዚህ ላይ ቆምኩ። ኢስሃቅ መሬት መሬቱን ያያሉ። የቀረኝ አንድ መስመር ነበር፤ በዓይኔ ቀድሜ አንብቤዋለሁ፣ በአፌ ግን አልወጣ አለኝ።

«ጨርስ» አሉ ሐጂ።

«በሰው ፊት ያልነገርኩዎት እንዳያፍሩ ብዬ ነው።»