የዛጎል ልጆች በርብ ውሃ

አያቴ አቶ እንግዳው የውሻቸውን ዘር በእናት በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ዛጎል የድማሚት ልጅ፣ ድማሚት የገብስማ፣ ገብስማ የማሪት እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። የእነዚህ ውሾች ሥራ አንድ ነው። ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ፎገራ ሜዳ ላይ ሲተኛ፣ አብረው እየዋኙ ከብቱን ወደ ደረቁ መሬት ያሻግራሉ። ስለ መልካቸው የተጨነቀ የለም፤ አንዷ ቀይ ናት፣ አንዷ ቡራቡሬ።

ባለፈው ጥር ከዘሩ የቀረችው ሴት ዛጎል ብቻ ነበረች። እሷም አርጅታለች፤ ከእንግዲህ ብትወልድ አንዴ ነው። ጎረቤታችን አያ ደሞዝ ሻምበል የሚሉትን ውሻቸውን በገመድ እየሳቡ መጡ። ሻምበልና ዛጎል አብረው የተወለዱ ናቸው።

«ዘሩ እንዳይበላሽ ብዬ ነው፤ ንጹሕ ከንጹሕ» አሉ አያ ደሞዝ።

እኔ የእንስሳት ሳይንስ ተምሬ ከዩኒቨርሲቲ የተመለስኩት በዚያው ዓመት ነው። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። ድምፄን ያወጣሁት ገመዱን ሊፈቱ እጃቸውን ሲሰዱ ነው።

«አባባ፣ ወንድሟ እኮ ነው።»

«ውሻ ደግሞ ወንድም ያውቃል!» አያ ደሞዝ ሳቁብኝ።

«ያለፈው ጊዜ የወለደችው ከአጎቷ ነበር፤ ሁለቱ ሞተው ተወለዱ፣ ሦስተኛው ዕውር ሆነ። አባባ፣ እርስዎ እናቶቹን ይቆጥራሉ፤ አባቶቹን ግን ቆጥረው አያውቁም። አባቶቹ ሁሉ የአንድ ቤት ናቸው።»

አያቴ «ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉኝ።

ያነበብኩትን ነገርኳቸው። ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ በረዶ በበዛበት ተራራ ላይ የሚኖሩ መነኮሳት የጠፋ መንገደኛ የሚያድኑ ውሾች ነበሯቸው፤ ዛሬ ሴንት በርናርድ ይባላሉ።

«መነኮሳት ውሻ ያረባሉ?»

«ያረባሉ፣ አባባ። ውሾቹ እየተመናመኑ ሲሄዱ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ዋና የሚችል ሌላ ዘር ቀላቀሉባቸው።»

«ተሳካላቸው?»

ብዋሽ የሚያውቅብኝ አልነበረም። «የተዳቀሉት ፀጉራቸው ረዘመ። በረዶ እየተጋገረበት ለተራራው ሥራ አልሆኑም።»

«እና ለምን ነገርሽኝ?»

«ዘሩ ግን ዛሬም አለ።»

አያቴ ከት ብለው ሳቁ። «እንግዲያው ፀጉሩ አጭር የሆነ ፈልጊላት።»

ወረታ ከተማ፣ ሩዝ መፈልፈያ ቤት የሚጠብቅ ደረተ ሰፊ ውሻ አሳየኋቸው። ጆሮው የታጠፈ ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ተስማሙ፤ የቤታችንን ወግ ግን አልተዉም። ቡችሎቹ ክረምት ሜዳው ሲሞላ ውሃው ዳር ይቆማሉ። ከብቱን ተከትሎ የገባ ከዘሩ ይቆጠራል፣ ስምም ይወጣለታል። የተመለሰ ለከተማ ሰው ይሰጣል። አንድም ካልገባ ዘሩ እዚያው አለቀ፤ ያስጨረስኩትም እኔ ነኝ።

ዛጎል አራት ወለደች፤ አራቱም ዓይናቸው በራ።

ነሐሴ ላይ ሜዳው ባሕር መሰለ። ከብቱ ወደ ውሃው ሲነዳ የመንደሩ ሰው ጉብታው ላይ ቆሞ ያያል። ዛጎል ገባች። ቡችሎቹ ዳር ላይ ቀሩ።

«እነዚህማ የወፍጮ ቤት ልጆች ናቸው!» አሉ አያ ደሞዝ፤ «የሩዝ ገለባ ብታፈሱላቸው ይዋኙበት ነበር!»

ሰው ሳቀ። አንዱ ቡችላ እግሩን አርሶ አራገፈና ተመለሰ። ሁለተኛው ተከተለው። ሦስተኛው ጭራሽ ተኛ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«ጥጃው! ጥጃው!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። አንድ ጥጃ ከመንጋው ተለይቶ ወንዙ ወደሚጎርፍበት ተንሸራቷል። ዛጎል ወዲያ ማዶ ደርሳ ነበር። ቀና ስል የቀረችው ቡችላ፣ ያቺ ጆሮዋ እንደ አባቷ የታጠፈው፣ ውሃ ውስጥ ናት። ወደ እናቷ አልሄደችም። ጥጃውን ዞራ በወንዙ በኩል ገባችና አፍንጫው ላይ ጮኸችበት። ጥጃው አንገቱን አዞረ። እሷም ጎን ለጎን እየገፋች፣ አንዴ እየሰጠመች አንዴ ብቅ እያለች፣ ማዶ አደረሰችው።

ጉብታው በእልልታ ተናጋ። አያ ደሞዝ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ቆዩና አያቴን ጠጋ አሉ። «እንግዳው፣ ከዚህች የምትወለደውን ለሌላ ሰው እንዳትሰጥብኝ።»

«የምትለመነው እሷ ናት» አሉ አያቴ ወደ እኔ እያመለከቱ። «ስሟንም አንቺው አውጪላት፣ ልጄ።»

«መብረቅ ትባል» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ማዶ ላለች ውሻ እንዲህ ይነገራል እንዴ? ጥሪያት እንጂ!» አሉ አያቴ።

ሁሉም ሰው ያየኛል። እጆቼን አፌ ላይ ገጥሜ በውሃው ላይ ጮኽኩ። «መብረቅ!»

ራሷን አራግፋ ዞረች፤ የታጠፈው ጆሮዋ ቆመ። ደግሜ ጠራኋት፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ጮክ ብዬ።