የተሳመው የራስ ቅል

የምርምር ተቋሙ ዳይሬክተር ከታላቅ ሰው ዘር እንደሚወለዱ ያልሰማ ሠራተኛ ካለ፣ ወይ ጆሮው አይሰማም ወይ ትናንት ነው የተቀጠረው። ከተማዋን የቆረቆሩት ጌታ አያታቸው ናቸው፤ ስንተኛ አያት የሚለው ግን እንደ ሰሚው ይለያያል። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ስለዚህ ከአሮጌው ግንብ ሥር ስድስት መቶ ዓመት የተቀበረ አንድ የራስ ቅል ከጥቂት የጎድን አጥንት ጋር ሲገኝ፣ የማን እንደሆነ ምርመራው ሳይጀመር ተወሰነ።

የዘረመል መርማሪዋ በተቋሙ ላቦራቶሪ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። የቤቱ ሕግ ቀላል ነው፤ የገባ ሁሉ ጓንትና ጭምብል ያደርጋል፣ ምራቁንም ይሰጣል። የምራቁ ውጤት መዝገብ ላይ ይቀመጣል። ከአጥንት የወጣው ውጤት ከመዝገቡ ሰው ጋር ከገጠመ፣ የተገኘው ሟቹ ሳይሆን አጥንቱን የነካካው ሰው ነው ማለት ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር ሰጥታለች። ዳይሬክተሩ ግን፣ "የእኔ ምራቅ የመሥሪያ ቤት ንብረት አይደለም" ብለው እምቢ አሉ።

በማግስቱ ፎቶ አንሺ አስከትለው ገቡ። ጭምብላቸውን አገጫቸው ሥር አወረዱና የራስ ቅሉን በባዶ እጃቸው አንስተው ጥርሱን ሳሙት። እንባም አቀረሩ። ፎቶ አንሺው ሳይዘጋጅ ቀርቶ ኖሮ ደግመው ሳሙት። ሌላ ሰው ቢሆን መርማሪዋ ኮሌታውን ይዛ ባስወጣችው ነበር።

የጥርሱ ውጤት ወንድ መሆኑን አሳየ። ይህን ሲሰሙ ዳይሬክተሩ ያንን የነፈጉትን ምራቅ በገዛ ፈቃዳቸው ላኩ፤ ዝምድናው ይረጋገጥ ብለው። መርማሪዋ ሁለቱን አነጻጸረች። ከሃያው የዘረመል ምልክት ሃያውም ገጠመ። ብቻዋን ሳቀች፣ ከዚያ ግን ሳቋ ወደ ንዴት ተለወጠ።

"ሃያ ከሃያ!" አሉ ዳይሬክተሩ ቢሯቸው አስጠርተዋት። "ንጹሕ ደም ማለት ይሄ ነው!"

"እንዳሉት፣ ንጹሕ ደም ነው" አለ ምክትላቸው። ሠራተኛው ስሙን ትቶ "እንዳሉት" እያለ የሚጠራው በዚህ የተነሣ ነበር።

አጥንቱ ሐሙስ እብነ በረድ መቃብር ውስጥ ሊታሸግ፣ ላዩ ላይም የዳይሬክተሩ ቤተሰብ ስም ሊቀረጽ ነው። ከማረጋገጫው ወረቀት ላይ የጎደለው የመርማሪዋ ፊርማ ብቻ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ያለው ሰው እብነ በረድ የተጫነበት እውነት አላጋጠመውም ስትል አሰበች። እስከ ነገ ጊዜ ጠየቀች። ከጆሮው ሥር ያለውን፣ የማንም ከንፈር ያልደረሰበትን ጠንካራ አጥንት ላዩን ፍቃ ከውስጡ ናሙና ወሰደች። ውጤቱ እስኪወጣ ከወንበሯ አልተነሣችም።

ረቡዕ ወረቀቷን ይዛ ገባች። "ጌታዬ፣ ልጅ እንኳ ከአባቱ የሚወስደው ግማሹን ነው። ሃያ ከሃያ የሚገጥም ሰው ከራሱ ጋር ብቻ ነው የሚገጥመው።"

"ምን ለማለት ነው?"

"ጥርሱ ላይ ያገኘሁት እርስዎን ነው። ሲስሙት የቀረ ምራቅዎ ነው። ከአጥንቱ ውስጥ የወጣችው ሴት ናት፤ ከእርስዎ ጋር የሚያገናኛት አንድም ነገር አላገኘሁም።"

መርማሪዋ ያፍራሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ "ሴት?" አሉ። "እንግዲያው እመቤቲቱ ናቸዋ! የጌታው ባለቤት! አያቴ!"

"እንዳሉት፣ እመቤቲቱ!" አለ ምክትሉ ቶሎ ብሎ።

"በይ ፈርሚ እንግዲህ፣ እህቴ" አሏት ዳይሬክተሩ ማረጋገጫውንና እስክሪብቶውን አቅርበውላት።

እንዲህ ያለውን ሰው ጌታዬ ስትል አሥራ አንድ ዓመት መኖሯ አስጠላት። እስክሪብቶውን ተቀበለችና የተጻፈውን ሁሉ ሰረዘች። ከሥሩም፣ "ሴት። ማንነቷ አይታወቅም። የማንም አያት ስለመሆኗ ማስረጃ የለም" ብላ ጽፋ ፈረመች።

ዳይሬክተሩ አነበቡት። ሳይቆጡ፣ ሳይቸኩሉ ለሁለት ቀደዱት። "ዕቃሽን ሰብስቢ" አሏት፤ አዲስ ወረቀትም ለምክትላቸው ገፋ አደረጉለት። ምክትሉ ሳያነብ ፈረመ።

ሐሙስ እሷም ወደ መቃብሩ ሥርዓት ሄደች፤ ከሕዝቡ ኋላ ቆመች። ንግግር ተደረገ፣ አበባ ተቀመጠ፣ ዳይሬክተሩ መሐረባቸውን አውጥተው አለቀሱ። ለሥራዋ አላዘነችም። ያዘነችው ለሴትየዋ ነበር። በሕይወቷ ትውለድ አትውለድ የሚያውቅ የለም፤ በሞተች በስድስት መቶ ዓመቷ ግን እኒህን ሰው ወለደች ተባለች።