ፊቱ የአባዬ፣ ፎቶው የጋሽ ብልጭታ

በኢንተርኔቱ ኢንሳይክሎፔዲያ ላይ ስለ ሰዓት ጥገና የሚተርከውን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ አባዬ ሲሠራ ያየሁትን አየሁ፣ ያላየሁትን ከመጻሕፍት ለቀምኩ። እዚያ ቤት የፈለገ ሁሉ ገብቶ ይጽፋል፤ ሌላው ገብቶ ያርማል። የእኔን ለማረም የሚደፍር ግን እምብዛም የለም። ከጽሑፉ አናት ላይ የአባዬ ፎቶ አለ፤ ማጉያ መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ፣ ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ ብሎን በወረንጦ ይዞ።

አባዬ አሁን ዓይኑ ደክሞ ሱቁን ዘግቷል። ደስታው ያ ገጽ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «አሳዪያቸው እንጂ» ይለኛል። እንግዳው ስልኬን ሲያይ፣ እሱ የእንግዳውን ድምፅ ያዳምጣል።

አንድ ጠዋት ገጹን ስከፍት ፎቶው ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበታል። የለጠፈው ራሱን «ወንፊት» ብሎ የሰየመ አርታኢ ነው። ፎቶውን ስጭን «የራሴ ሥራ» ብዬ መሙላቴን አይቶ፣ በእርግጥ ያነሳሽው አንቺ ነሽ ወይ ይላል። ካልሆነ ያነሳው ሰው ፈቃዱን ራሱ በኢሜይል ይላክ፤ አለዚያ ፎቶው በሳምንቱ ይጠፋል።

እኔ ደግሞ መቼ ዝም ልል። አባትየው የእኔ፣ ሱቁ የእኛ፣ ፎቶውም ከቤታችን ግድግዳ የወረደ፤ አንተ ከየት የመጣህ ባለቤት ነህ ብዬ ጻፍኩለት። ወንፊት ማለት ዱቄቱን ጥሎ ገለባውን የሚያቅፍ ነው ብዬም ጨመርኩበት። ይቺን ስጽፍ ራሴን አድንቄ ነበር።

መልሱ ሳይቆይ መጣ። ስድቡን እንዳላየ አልፎ፣ የፎቶ መብት የተነሳው ሰው ሳይሆን ያነሳው ሰው ነው አለ። ቀጥሎ የቤቱን የሥነ ምግባር ደንብ አስታወሰኝ፤ ስለ ሥራው ተናገሪ እንጂ ስለ ሠራተኛው አትናገሪ። ከዚህ በፊትም አንዱን ዘርጥጬ ተመክሬያለሁና፣ ከደገምኩ መጻፍ እከለከላለሁ። የምነቅፍበት ቀዳዳ አገኝ እንደሆነ ብዬ ደንቡን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አላገኘሁም። እውነቱ ከወንፊት ጋር ነበር።

መከራው ደግሞ ፎቶውን ያነሳው ጋሽ ብልጭታ መሆኑ ነው።

ጋሽ ብልጭታ ከሱቃችን ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ቤት ባለቤት ነው። ስሙ የወጣለት፣ ሰው ሳይዘጋጅ ፍላሽ ስለሚያበራበት ነው። ያንኑ የአባዬን ፎቶ አሳድጎ መስኮቱ ላይ ሰቅሎት ነበር። ባለፈው ዓመት ሰተት ብዬ ገብቼ፣ የአባቴን ፊት መነገጃ አታድርገው፣ ፊት የባለቤቱ ነው ብዬ ደንበኞቹ ፊት አስወረድኩት። ከዚያ ወዲህ በእሱ በኩል ያለውን የመንገድ ዳር አልረግጥም። አሁን በምን አፌ ልለምነው?

እማዬን ባማክራት ሳቀች። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለችኝ። «በእግር ግን ሳይታሽ አይቀርም። ተሻገሪና ሂጂ።»

ተሻገርኩ። ጋሽ ብልጭታ ጉርድ ፎቶዎች እየቆረጠ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና መቀሱን አስቀመጠ።

«ዛሬ ደግሞ የማንን ፊት ላውርድ?»

አፌ ላይ የመጣውን መልስ ዋጥኩት። ስለ ሥራው እንጂ ስለ ሠራተኛው። ፎቶው ግሩም ነው አልኩት። የእሱን ሥራ የራሴ ብዬ መሙላቴን፣ ካልፈቀደ እንደሚጠፋ፣ አባዬም ገና እንዳልሰማ ነገርኩት። ከዚያ መላክ ያለበትን የፈቃድ ቃል በስልኬ አስነበብኩት። ቀስ ብሎ ሲያነብ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ማንም ወስዶ መሸጥ ይችላል ይላል። ካላንደር ላይ አትሞ የሚቸበችብ ቢመጣስ?»

«እሱ እንኳ ለወጉ ነው» ብል ያምነኝ ነበር።

«ይሸጠዋል፣ ጋሼ» አልኩት። «አንተን መጠየቅም፣ ላንተ መክፈልም የለበትም። አንዴ ከፈቀድክ ደግሞ መመለስ የለም። ስምህን ሳይጽፍ ግን ሊጠቀምበት አይችልም።»

ቃሉን እንደገና ከላይ ጀምሮ አነበበው። እንግዳ መጥቶ፣ አባዬ «አሳዪያቸው እንጂ» ሲለኝ፣ እኔ ባዶ ገጽ ስገልጥ ታየኝ።

«ስሜን?» አለ በመጨረሻ። «ስንቱን ሙሽራ ሳነሳ ኖሬ፣ ከፎቶው ጀርባ እንኳ ስሜን የጻፈ የለም። ብልጭታ ብለሽ ጻፊው። በሌላውማ ማን ያውቀኛል።»

እዚያው ቆሜ ሳለሁ ላከው። እፎይ ስል ሰማኝና ሳቀ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፎቶው መስኮቱ ላይ ይመለስ። ሊሰቅለው ሲወጣ ወንበሩን የያዝኩለት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ወንፊት ማስጠንቀቂያውን አነሳው። ስለ ገለባው ይቅርታ ጠይቄ አመሰገንኩት። «ግድ የለም፣ ዱቄቱ አልፏል» ብሎ መለሰልኝ። እኔን የሚመጥን አንድ ሰው ተገኘ።

ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ከፎቶው ሥር የተጻፈውንም ስም አነበብኩለት።

«ታዲያ የማን መስሎሽ ነበር?» አለኝ። «እኔ ቁጭ አልኩ እንጂ ምን ሠራሁ?»

ከዘራውን አንስቶ ውሰጂኝ አለ። ክንዱን ይዤ መንገዱን አሻገርኩት። መስኮቱ ፊት ቆመን ፎቶው የት ጋ እንደተሰቀለ በጣቱ እያስዳሰስኩት ሳለ፣ ከውስጥ ቦግ አለብን።

«ይኸው ሰውዬ!» አለ አባዬ፣ የደከመ ዓይኑን እያሸ። «ዛሬም አያስጠነቅቅም።»

ያቺ አዲሷ ፎቶ የማን እንደሆነች አልተከራከርኩም።