የደባልቄ ዳዊት

ደባልቄ አሶሳ ውስጥ በር የሚበይድ ሰው ነው። የሠራው በር አይወላገድም። ነገር ሲሠራ ግን፣ አይ ደባልቄ!

ጣጣው የመጣው በእህቱ በዘነቡ በኩል ነው። ዘነቡ እስራኤል ከገባች ሃያ አምስት ዓመት አልፏታል። አሁን ልቧ ደክሞ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠውባታል፤ እሷ ግን «ወንድሜን ሳላይ አልሞትም» ብላ አልጋዋ ላይ አምፃለች። የደባልቄ ወረቀት ሁሉ አልቆ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። የቤተ እስራኤል ልጅ ለመሆኑ፣ ሃይማኖት ዐዋቂ ቤቱ ድረስ መጥቶ አይቶ የሚጽፈው ምስክርነት ያስፈልጋል። ዐዋቂው ደግሞ ባዳ አይደለም፣ የገዛ ልጇ ምንያህል ነው። በልጅነቱ ሄዶ፣ እዚያው ተምሮ ረቢ ሆኗል።

«የሥጋ ዘመዴ ነው ብለህ እንዳትዘናጋ» ብላ በስልክ አስጠንቅቃዋለች ዘነቡ። «እሱ ለእናቱም አያዳላም።»

ማክሰኞ በአውሮፕላን ይገባል ሲባል ነገሩ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነ። የደባልቄ አያት ቤተ እስራኤል እንደነበሩ አገር ያውቃል። አባቱ ግን መሬት ለማግኘት ሲሉ ተጠምቀዋል። ደባልቄም በሰፈራው ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኖ ከጎንደር ወደ አሶሳ ሲመጣ አንገቱ ላይ ማተብ ነበረው። እና ምን ይሻላል? ለረቢ ምን ዓይነት ቤት ያሳያል?

መፍትሔውን የሰጠው መምህር ታምሩ ነው፣ የግቢ በር ሊያሠራ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ሰው። «አይሁድ ኦሪትን እንጂ ሌላ መጽሐፍ አይቀበሉም። አምስት መጽሐፍ፣ በቃ» አለው እርግጠኛ ሆኖ። ታምሩ የሚያስተምረው ስለ አፈር ነው፤ ደባልቄ ግን ይህን አልጠየቀም።

የዚያኑ ቀን መጻሕፍቱን አልጋው ላይ ዘርግቶ እንደ ምስር ይለቅም ጀመር። ወንጌሉ ወጣ። ውዳሴ ማርያሙ ወጣ። መጽሐፈ ኩፋሌ ስለ ሰንበትና ስለ ሙሴ ስለሚያወራ «ይሄማ የእኛው ነው» ተብሎ ጠረጴዛው ላይ የክብር ቦታ ተሰጠው። የአያቱ የብራና ዳዊት ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«እሱንማ ተው» አለች ሚስቱ ብዙወርቅ። «ጠዋት ጠዋት እሱን ሳትደግም ሥራ ወጥተህ ታውቃለህ?»

«ዳዊት የቤተ ክርስቲያን ነው። ቄሶቹ ሬሳ ላይ የሚደግሙት ምን መሰለሽ?»

ብቻ ምክንያቱ እሱ ብቻ አልነበረም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለችውን ነገር ያውቃታል። እሷን ረቢው ከሚያይበት መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጣል። ዳዊቱንም ጆንያ ውስጥ ከተተው።

ጆንያውን ተሸክሞ ጎረቤቱ ሚፍታህ ዘንድ ሄደ። ሚፍታህ የቀርከሃ ነጋዴ ነው፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ፣ የአምስት ወቅት ሰጋጅ።

«መጽሐፍ ነው» አለ ደባልቄ። «ዳዊትና ወንጌል። እንግዳዬ እስኪሄድ ደብቅልኝ።»

«ዘቡርና ኢንጂል?» ሚፍታህ ጆንያውን በሁለት እጁ ተቀበለ። «እኛ ጋ ሁሉም ከአላህ የወረደ ነው። ሼሆቹ በኋላ የሰው እጅ ገባበት ይላሉ፣ ግን ይከበራል። አንተ ለምን ትደብቃለህ?»

«የሚመጣው ሰው አይሁድ ነዋ!»

«ነቢ ዳውድ ራሱ አይሁድ አይደለም እንዴ?»

«አንተ ደግሞ! እኔን የነገረኝ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ነው» ብሎት ሄደ።

ማክሰኞ ምንያህል በባጃጅ መጣ። ቀጭን ነው፣ ትንሽ ቆብ አናቱ ላይ ደፍቷል፣ አማርኛው የእናቱ የጎንደር አማርኛ ነው። ከቀረበለት ምግብ ማንጎ ብቻ በላ። ደባልቄ «አንተ» እንዳይለው ረቢ ነው፣ «አንቱ» እንዳይለው የእህቱ ልጅ ነው፤ ሲጨንቀው ሁለቱንም እያፈራረቀ ይለዋል። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«አጎቴ፣ ከመጻሕፍት የትኛውን ይቀበላሉ?» አለ ምንያህል ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ።

«ኦሪትን! አምስቱን!»

«ጥሩ። ነቢያትንስ? ኢሳይያስን፣ ኤርምያስን?»

ደባልቄ ወጥመድ መሰለው። «ከአምስቱ በቀር አላውቅም።»

«ዳዊትንስ?»

«እሱማ የክርስቲያን ነው። በቤቴም አይገባ!»

ምንያህል ብዕሩን አስቀመጠ። «አጎቴ፣ ምን ማለትዎ ነው? ለእኛ ኦሪት የሁሉ ራስ ነው፣ እውነት ነው። ከኦሪት ቀጥለው ግን ነቢያት አሉ፣ ከነቢያት ቀጥለው ሌሎች መጻሕፍት አሉ፣ ዳዊት እነሱ ውስጥ ነው። በደስታም በሐዘንም በአፋችን የማይጠፋው እሱ ነው። ክርስቲያኖቹ ከእኛ ወሰዱት እንጂ እኛ ከእነሱ አልወሰድንም።»

ደባልቄን ላብ አጠመቀው። መዳኛ ፍለጋ ኩፋሌውን ከጠረጴዛው አንስቶ ዘረጋለት። «ይሄውልህ፣ ይሄውልዎ! ይሄ የእኛው ነው!»

«የአገር ቤት የቤተ እስራኤል ቄሶቻችን አክብረው ይዘውታል» አለ ምንያህል። «እስራኤል ያሉ ሊቃውንት ግን ከቅዱሳን መጻሕፍት አልቆጠሩትም።»

ብዙወርቅ ጥጉ ላይ ተቀምጣ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ባሏ የጣለውን ረቢው ያነሱት፣ ያነሳውን ይጥሉት ጀመር!

«ወንጌልንስ?» አለ ደባልቄ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ። «መቼም እሱን አይተኸው አታውቅም።»

«ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ለእኔ ቅዱስ መጽሐፍ አይደለም፣ አልሰግድለትም። ግን እኮ ስለ እኛ ሰዎችና ስለ እኛ አገር ነው የሚያወራው። ማንበብ ምን ያስፈራል?»

ደባልቄ ይህን ሲሰማ ያ ሁሉ ጆንያ የመሸከም ድካም ትከሻው ላይ ተመልሶ መጣበት።

«አጎቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ» አለ ምንያህል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እናቴ ያስመዘገበችው አንድ ማስረጃ አለ። አያታችሁ ከአንድ ደብተራ ዳዊት ገዝተው፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ የነበረውን የሥላሴን ስም በምላጭ ፍቀውታል። የድሮ ሰዎቻችን ልማድ ነው፣ የክርስቲያን መጽሐፍ ሲገዙ ይፍቁ ነበር። እኔ የመጣሁት ያንን የተፋቀ ቦታ አይቼ ልጽፍ ነው። ዳዊቱ የት አለ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። «በቤቴም አይገባ» ብሎ ጨርሷል። «የለም» አለ ደባልቄ። ይህን ሲል እህቱን በገዛ እጁ የቀበራት መሰለው።

ይሄኔ በሩ ተንኳኳ። ሚፍታህ ነው፣ ከራሱ እስከ እግሩ በስብሷል፣ በመስገጃው የጠቀለለውን ግን ጠብታ አልነካውም።

«መጋዘኔ አፈሰሰ» አለ። «ሌላውን ቆጥ ላይ ሰቀልኩት። ዘቡርን ግን ዝናብ ካገኘው እኔ አላህን ምን እላለሁ?» እንግዳውን ሲያይ ደነገጠና ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ በሩ ሥር ቆመ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ምንያህል መስገጃውን ፈትቶ ብራናውን ገለጠ። የተፋቀው ቦታ እዚያው አለ፣ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። በላዩ ላይ ግን በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በተንጋደደ የልጅ እጅ፣ የአብ የወልድ የመንፈስ ቅዱስ ስም ተጽፎበታል።

«ማን ነው የፋቀው?» አለ ምንያህል፣ የሚያውቀውንም ከአፉ ሊሰማ ፈልጎ።

«አያቴ።»

«የጻፈውስ?»

«እኔ።» ደባልቄ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። «አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የሰፈራ መንደሩ ልጆች ባዶውን አይተው የቡዳ መጽሐፍ ነው አሉኝ። እዚያው ፊታቸው ጻፍኩበት። ከዚያ ወዲህ ማንም ቡዳ ብሎኝ አያውቅም። አያቴን ግን በየቀኑ ገጹን ስገልጥ አፍራቸዋለሁ።» ድንገት ተነሣና ከመደርደሪያው ምላጭ አመጣ። «እፍቀዋለሁ! አሁን እፍቀዋለሁ!»

ምንያህል እጁን ያዘው። «ብራናው ሁለተኛ አይችልም፣ ይቀደዳል።»

ሁለቱም እንዲያ ተያይዘው እንደቆሙ የምንያህል ስልክ ጮኸ። ዘነቡ ናት። ምንያህል ሊያጠፋው ፈልጎ አልቻለም፤ ከፈተው። ትራስ ላይ የተደገፈች የከሳች ፊት ታየች።

«ዳዊቱን አገኛችሁት? ደባሌ፣ እስቲ በልልኝ። አያታችን ማረሻ ሲያበጁ የሚደግሙትን፣ የመጀመሪያውን መዝሙር።»

ደባልቄ መጽሐፉን አላየም። ዓይኑን ጨፍኖ በግዕዝ በቃሉ ጀመረ። የእህቱን ፊት ስላየ ፈተናም፣ ረቢም፣ ወረቀትም ረሳ። እስከ መጨረሻው ደገመና፣ አርባ ዓመት የለመደ ምላሱ ሳያስፈቅደው ቀጠለ፤ «ስብሐት ለአብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ።»

ደባልቄ አበቃልኝ አለ በልቡ።

«አሜን!» አለ ስልኩ። «ምነው ቆምክ? ሁለተኛውን ቀጥላ!»

ምንያህል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ይሳቅ ያልቅስ ደባልቄ መለየት አልቻለም።

«ረቢ» አለች ብዙወርቅ ከጥጉ። «ለእናቱም አያዳላም ብለውን ነበር። እንግዲህ አሜን ስላሉ እሳቸውን መልሰው ሊልኩልን ነው?»

ምንያህል ዓይኑን ጠረገ። ወረቀቱን ሳብ አድርጎ ሁለት መስመር ጻፈና ፈረመበት።

«ምን ብለህ ጻፍክ?» አለ ደባልቄ።

«የአያቱ ዳዊት የተፋቀ ነው፣ አይቻለሁ። እሱም በቃሉ ይደግማል፣ ሰምቻለሁ። ይኸው ነው።»

«እስክሪብቶውስ? አጨራረሴስ?»

«ቅጹ እሱን አይጠይቅም።»

«ደባሌ፣ ቀጥል እንጂ!» አለች ዘነቡ።

ደባልቄ ሁለተኛውን ደገመ። መጨረሻው ላይ፣ ስብሐቱ ጋ ሲደርስ ረቢውን አይቶ ምላሱን ነከሰ።

«አይ አንተ፣ ረሳኸው?» አለች እህቱ፣ እና ራሷ ጨረሰችለት።