ያልተጠየቀችው ምስክር

«እናቷ ታማ ተኝታ ጥላት የጠፋችው እሷ አይደለችም እንዴ?» አለች አንዷ ለቀስተኛ፣ አፏን ወደ ጎረቤቷ ጆሮ አስጠግታ።

«እሷው ናት። ምን ይደረግ፣ ነፍሷን ይማር።»

«ወሬ ይሆናል ብዬ እኮ ነው።»

«የምን ወሬ፣ መጽሐፍ ላይ ወጥቷል። የወንድሟ ልጅ ነው የጻፈው። እሱ ደግሞ ያላጣራውን አይጽፍም።»

ያላጣራውን የማይጽፈው ሰው የሻይ ትሪ ይዞ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። ብርጭቆዎቹ ሲንቀጫቀጩ ሁለቱም ዞር አሉ። አንደኛዋ ቶሎ ብላ፣ «እግዜር ያጽናችሁ፣ ደግ ሴት ነበረች» አለችና ብርጭቆዋን አነሳች። እሱም አመስግኖ አለፈ። ፊቱ ግን እንደ ጋለ ምጣድ ይነድድ ነበር። ያቺን ነገር የጻፋት ራሱ ነው። በሟቿ ቤት፣ በሟቿ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያነሷት መስማት ግን ሌላ ነገር ነው።

ቤተሰቡ እሱን «ማኅተሙ» ብሎ ይጠራዋል። የቤትና የይዞታ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ማኅተም የሌለበት ወረቀት በጠረጴዛው አላለፈም። የገዛ ሚስቱን ሳይቀር ፎቶዋ ላይ ያረፈው ማኅተም ጠርዙ ደብዝዟል ብሎ መልሷታል ይባላል። ሚስቱ ብትጠየቅ እውነት ነው ትላለች። እንዲህ ያለ ሰው የቤተሰቡን ታሪክ ሊጽፍ ሲነሳ ሁሉም ደስ አለው። ሦስት ዓመት ለፋ። የልደቱን፣ የጋብቻውን፣ የቀብሩን ቀን ሁሉ ከማዘጋጃ ቤት መዝገብ በእጁ ገለበጠ። ሁለት መቶ ቅጂ አሳትሞ በየዘመዱ ቤት አደለ። ይህ ከሆነ ስድስት ዓመቱ ነው።

ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ግን ወረቀት አልነበረውም። የነበረው አንድ ምሳ ነው።

በዚያ ምሳ ላይ ያጫወቱት ሰው አሁን ጥግ ላይ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ተቀምጠዋል። የሴት አያቱ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በረጅም መንገድ አውቶቡስ መሪ ላይ ስለጨረሱ ሁሉም ጋሼ ሾፌር ይላቸዋል። ማኅተሙ ትሪውን አስቀመጠና አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«ጋሼ፣ አክስቴ እናቷን ጥላ ሄደች ያሉኝን ከማን ነበር የሰሙት?»

«እኔ ነኝ ያልኩህ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ። እኛ ቤት፣ ምሳ ላይ።»

ሽማግሌው አገጫቸውን አሻሹ። «እህቴ ስትቀበር ከመንገድ ስሮጥ ደረስኩ። ልጅቷን ብፈልግ ብፈልግ የለችም። የሚነግረኝም አላገኘሁ፤ በማግስቱ መልሼ መንገድ ወጣሁ። ጨንቋት ጥላ ሄዳ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ለአንተም ‹ይሆናል› ብዬ መሰለኝ የነገርኩህ።»

«ከዚያ በኋላስ አላጣሩም?»

«እሷን እንዴት ብዬ ልጠይቃት? አፈርኩ። መጽሐፍህ ሲወጣ ግን አነበብኩትና እርግጠኛ ሆንኩ። አንተ አጣርተህ ነዋ የጻፍከው።»

‹ይሆናል› የምትለዋ ቃል በማኅተሙ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ ነበረች። ሲገለብጥ እሱ ነው ያወጣት፤ አንባቢ የሚጠራጠረው መሰለውና አወጣት። በምትኩ «ከቤተሰቡ አዋቂዎች እንደተገኘው መረጃ» ብሎ ጨመረ። አዋቂዎቹ እኒህ አንድ ሰውዬ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ማስረጃቸው እሱ ሆኖ ተገኘ።

አክስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ታናሽ ወንድሟን፣ ማለትም የማኅተሙን አባት፣ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችው በመርፌ ነው። ማኅተሙም ትምህርት ቤት የገባበትን ሱሪ፣ የተመረቀበትን ኮት፣ የተዳረበትን ሙሉ ልብስ የሰፋችለት እሷ ናት። መጽሐፉ በደረሳት በሳምንቱ ቢሮው ድረስ መጣች። ቀልደኛ ነበረችና እንደ ማንኛውም ሰው ተሰልፋ፣ ተራዋን ጠብቃ ነው የገባችው። ቡናማ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ገጽ ሠላሳ አንድን ማን ነገረህ?»

«አክስቴ፣ የነገረኝን ሰው አላወጣም።»

«ደግ። እኔን ግን አልጠየቅኸኝም። ቤቴ ካንተ ቤት ሁለት መንገድ ነው የሚርቀው።»

ያን ጊዜ የመለሰላትን መልስ ዛሬ ሲያስበው ምድር ተከፍታ ብትውጠው ይወዳል። ብዕሩን እያሽከረከረ፣ «አንቺ እኮ ባለጉዳይ ነሽ። ባለጉዳይ ለራሱ ጉዳይ ምስክር አይሆንም» አላት። ያኔ አንድ እጇ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ትንሽ አየችውና እጇን ባዶውን አውጥታ ቦርሳውን ዘጋች። «እሺ ጌታዬ» ብላ ሳቀች። ስትነሳም የሸሚዙን ኮሌታ አይታ፣ «ይሄ አልቋል፤ ቅዳሜ አምጣው፣ ገልብጬ እሰፋልሃለሁ» አለችው። ቅዳሜ ወሰደላት፤ ሰፋችለት። ስለ ገጽ ሠላሳ አንድ ዳግመኛ አላነሳችም። እሱም የዘነጋችው መስሎት ነበር።

ሐዘን በተቀመጡ በአምስተኛው ቀን የአክስቱ ልጅ ወደ ጓዳ ጠራችው። አስተማሪ ናት፤ ስታለቅስ እንኳ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። «ለሞት የምስክር ወረቀቱ መታወቂያዋን ይፈልጋሉ። ወረቀት የምታውቀው አንተ ነህ፤ እስቲ ፈልግልኝ» ብላ ቡናማውን ቦርሳ ሰጠችው።

መታወቂያው ከላይ ነበር። ከሥሩ መጽሐፉ አለ። መጽሐፉ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። እናቷን ጥላ ሄደች ከሚለው መስመር አጠገብ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ትንሽ መስቀለኛ ምልክት ተደርጓል። ማኅተሙ ምልክቱን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። አክስቱ የተበላሸ ስፌት ስታይ፣ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋ ስትል፣ እንዲህ ነበር የምታደርገው።

በመርፌ ቁልፉ ሁለት ካርዶች ተያይዘዋል። አንደኛው የሆስፒታል የአስታማሚ መግቢያ ነው። የአክስቱ ስም፣ ዝምድና «ልጅ»፣ ክፍል «የሚተላለፍ ትኩሳት»። በጀርባው ለየቀኑ አንድ አንድ ማኅተም አለ። ቆጠረው። አሥራ ዘጠኝ ማኅተም፣ አንድ ቀን ሳይዘለል። ሁለተኛው ካርድ የታማሚ ነው፤ ስሙ ያው የአክስቱ ስም፣ የተኛችበት ቀን የመጀመሪያው ካርድ ያለቀበት ማግስት፣ የወጣችበት ደግሞ ከአርባ ቀን በኋላ። የአያቱን የቀብር ቀን ራሱ ከማዘጋጃ ቤት ገልብጧልና ማየት አላስፈለገውም። አያቱ ሲቀበሩ አክስቱ ከእናቷ የተጋባባት ትኩሳት ጥሏት እዚያው ሆስፒታል ተኝታ ነበር።

ማኅተሞቹ ጥርት ያሉ ነበሩ። የአንዱም ጠርዝ አልደበዘዘም።

«ቢሮ ስትመጣ ይዛው ነበር» አለ። «አውጥታ ልታሳየኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን አንቺ አልነገርሽኝም?»

የአክስቱ ልጅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እነግረዋለሁ ብያት ነበር። ከለከለችኝ። ‹ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ› አለች። በመጣህ ቁጥር ዛሬ ይጠይቃታል እል ነበር። አንተ ሸሚዝህን ይዘህ ትሄዳለህ።»

ስድስት ዓመት። በወር አንዴ እንኳ ቢሆን ሰባ ሁለት ጊዜ ይህን ቤት ረግጧል። ማኅተሙ መጽሐፉን ዘግቶ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ሐዘኑ እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንደ ማንም ሰው ሐዘን ነበር። አሁን ግን አፈረ፤ ለቅሶው ራሱ የማይገባው ሆኖ ታየው።

በሰባተኛው ቀን ዘመድ ሁሉ ሲሰበሰብ የሟችን የሕይወት ታሪክ የሚያነበው እሱ ነበር። ገጽ ሠላሳ አንድን ዝም ብሎ ሊዘለው ይችላል። ማንም አይጠይቀውም፤ ሐዘን ነው ይባላል። ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ያንንም አስቦታል። ሊያነብ ሲነሳ ግን ያዘጋጀውን ወረቀት ኪሱ ውስጥ ተወውና ካርዶቹን ያዘ።

«ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ አክስቴ እናቷን ጥላ ሄደች ብዬ ጽፌያለሁ» አለ። «ውሸት ነው። ማስረጃ አልነበረኝም። ከአንድ ሰው ‹ይሆናል› ሰምቼ ‹ነው› ብዬ ጻፍኩ። እሷን አልጠየቅኋትም። የሷ ማስረጃ ይኸው።» ከዚያም አሥራ ዘጠኙን ቀን አንድ በአንድ አነበበ። ጋሼ ሾፌር አንገታቸውን ደፉ። ያን ቀን ወሬውን በጎረቤቷ ጆሮ ያነሳችው ሴትዮ ብርጭቆዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «መጽሐፉ ያላችሁ አምጡልኝ። አንድም እንዳይቀር» ብሎ ተቀመጠ። ያጨበጨበም፣ አይዞህ ያለውም የለም። እሱም አልጠበቀም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የአክስቱ የስፌት ጠረጴዛ ላይ አሥራ አንድ ቅጂ ተደርድሯል። የካርዶቹን ፎቶ ኮፒ፣ ከሥሩም ከየት እንዳገኘው በእጁ የጻፈበትን ወረቀት፣ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ሊያያይዝ ነው። የአክስቱ ልጅ ሙጫ አመጣችለት።

«ሙጫ ይለቃል» አለ።

የአክስቱን መርፌ አነሳና ክሩን ሊያስገባ ሞከረ። አንዴ ሳተው፣ ደግሞ ሳተው። ዓይኑ እንባ ስለሞላ ቀዳዳው አይታየውም። የአክስቱ ልጅ ምንም ሳትል መርፌውን ከእጁ ወሰደች፤ የክሩን ጫፍ በምላሷ አራሰች፣ አስገባች፣ ቋጠረችና መልሳ ሰጠችው።